ስፒከሩን ከመውቀሳችሁ በፊት፦ የቤት ሙዚቃ ችግርና መፍትሄ

አራት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት እየተዟዟርን ሙዚቃ እንሰማለን፤ አንዱ ሳምንት እኔ ቤት፣ ሌላው ሳምንት ሌላው ቤት። ባለተራው ቡና ያስፈላል፣ እንግዶቹ ዕቃውን ያማሉ። «ቤዙ በዛ»፣ «ግራው ደከም ብሏል»፣ «ይሄ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) አርጅቷል።» እንዲህ ተባብለን ስንት ደህና ስፒከር በርካሽ ሸጠናል መሰላችሁ! በኋላ ስንደርስበት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስፒከሩ አልነበረም። ወይ የክፍሉ ነው፣ ወይ የሶኬቱ፣ ወይ የአንድ የተገለበጠ ሽቦ።

ከዚህ በታች ያለው በየቤታችን ያጋጠመን ነው። ደንባችን አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ምልክት፦ ቤዙ ያጓራል፣ አንዳንዱ ኖታ ደግሞ ጭራሽ የለም

የኔ ሳሎን የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ቤዝ ጊታሩ አንዷን ኖታ ሲነካ ቤቱ በሙሉ «ቡምም» ይላል። ቀጥላ የምትመጣዋ ግን ትጠፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፒከሩን ስረግም ኖርኩ።

አንድ ቅዳሜ ታክሲ ላይ ጭነን ጓደኛዬ ጋ ወሰድነው። እሱ የሚኖረው ወላጆቹ ቤት ነው። የጭቃ ቤት፣ ጣውላ ወለል፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ። ያው ስፒከር፣ ያው አምፕ፣ ያው ዘፈን። ቡምታው የለም! ቤዙ ረገጥ ረገጥ እያለ፣ አንድ በአንድ ይሰማል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት። ለኔ ሳሎን 343 ሲካፈል ለ8፣ ወደ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ምንም ሳይጫን ሲመታ 41 ኸርዝ ግድም ነው። አያችሁ? ሳሎኔ ራሱ እንደ ከበሮ አብሮ ይመታ ነበር። ብሎኬትና ኮንክሪት ይህን ድምፅ አይውጡትም፤ መልሰው ይወረውሩታል። አቡጀዲ ግን ይርገበገባል፣ ከበላዩም ባዶ አየር አለ። የቤዙን ጉልበት እዚያው ያስቀረዋል። የድሮ ሰው ሳያስበው ዛሬ በውድ የሚሸጥ የቤዝ ማጥመጃ ሠርቷል ማለት ነው።

ይህ ቡምታ ኃይለኛ የሚሆነው ግድግዳው ጥግ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ሶፋን ከግድግዳ አያላቅቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ አንድ ብር አያስወጣም፤ ሶፋውን 60 ወይም 70 ሴንቲ ወደፊት መሳብ ነው። «ሶፋ መሀል ቤት ምን ሊሠራ ነው?» የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም። እናቴ እንደዚያ አሉ። እኔም በየቅዳሜው ስቤ ማታ እመልሰዋለሁ። መሀል ለመሀልም አትቀመጡ። የ4 ሜትር ክፍል ልክ 2 ሜትሩ ላይ 43 ኸርዙ ባዶ ነው፤ እዚያ ቤዙ ሁሉ የተሰረቀ ይመስላል።

ከዚያ ስፒከሮቹን ከጥግ አውጧቸው። ጥግ የገባ ስፒከር ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል ያግዙታል፤ ሳይጠየቁ ያጮኹታል። በስልካችሁ ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫኑ፣ ስልኩን ከአምፑ ጋር አገናኙና የክፍላችሁን ቁጥር፣ ለምሳሌ 43ን፣ አስጀምሩ። ከዚያ በእግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። የት እንደሚያጓራ የት እንደሚጠፋ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። እኛ ይህን ስናደርግ የጎረቤት ልጅ በር አንኳኩቶ «ጄኔሬተር ገዛችሁ እንዴ?» ብሎናል።

የጥጥ ፍራሽ ጥግ ላይ ማቆምም ይረዳል። ግን ለላይኛው ቤዝ ነው፤ 43ን ብዙም አይነካውም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን እርሱት። ለቤዝ ምንም አይሠራም፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ ክብሪት ነው። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ያላችሁ ካላችሁ አዝንላችኋለሁ። እዚያ ሁለቱም አቅጣጫ አንዱኑ ኖታ ያጮኻል። ሌላ ክፍል ካለ ወደዚያ ተዛወሩ።

ምልክት፦ ድምፁ ጆሮ ይወጋል፣ ግጥሙ አይለይም

መሀል ቤት ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ጢርር» የሚል ጭራ ከሰማችሁ ድምፁ በሁለት ራቁት ግድግዳዎች መሀል እየተመላለሰ ነው። ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) አትቀይሩ። ስፒከሩና እናንተ መሀል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ መስታወቱን በከባድ መጋረጃ ሸፍኑ፣ በአንዱ ግድግዳ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ አቁሙ። ጋቢ አራት እጥፍ አጥፎ መስቀልም ለጊዜው ያገለግላል። እንደገና አጨብጭቡ። ጭራው ካጠረ ደርሳችኋል።

ምልክት፦ ሸክላው ላይ ያለው ዘፋኝ እንቅልፍ ይዞታል

አጎቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጠቅልለው ሲመጡ የሚወዱትን ሸክላ ማጫወቻ ይዘው መጡ። አሮጌ፣ ከባድ፣ የሚያምር ዕቃ። ከ220 ቮልት ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ገዙ። አልተሳሳቱም፤ ያለሱ ሞተሩ ይቃጠል ነበር። ከዚያ በ1969 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከሙዚቃ አሳታሚው ከአምሃ ሪከርድስ የወጡትን ባለ 45 ሸክላዎቻቸውን አወጡ። በልጅነታቸው በቃላቸው የያዟቸው ዘፈኖች ናቸው። መርፌው ወረደ። ትራምፔቱ እንደ ትሮምቦን፣ ዘፋኙ ገና ከአልጋው እንደተነሳ ሰው ሆኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ዘፋኙ ታሟል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ነጥቦቹን እያቸው እንጂ! ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፍጥነቱ ልክ ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ ነጥቦቹ ቆመዋል። የመዞሪያው ሳህን ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ነጥቦች አሉ፤ ትንሽ መብራት ታበራባቸዋለች። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን የቆሙ ይመስላሉ። እኔም ተሸነፍኩ። ቀበቶው ላልቶ ይሆናል ብለን ቀበቶ ቀየርን። ዘይት አደረግን። ምንም ለውጥ የለም።

መጨረሻ ላይ ሸክላው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ሲገባው 37 ተኩል ዞረ። 37 ተኩል የ45 አምስት ስድስተኛ ነው። 50ም የ60 አምስት ስድስተኛ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ በራልኝ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50። እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር የሚዞረው የመብራቱን ምልልስ እየቆጠረ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይነካም። ያቺ ትንሽ መብራትስ? እሷም የምትበራው ከዚያው ሶኬት ነው። ሞተሩ ሲዘገይ እሷም እኩል ዘገየች፤ ሁለቱ ተስማምተው ዋሹን።

ይህ ጉድለት ትንሽ አይደለም። የ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ዘፈን 4 ደቂቃ ይፈጃል። ድምፁም ከሦስት የፒያኖ ቁልፍ በላይ ይወርዳል፣ ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥራችሁ። ከዚህ ወደ አሜሪካ የሄደ ማጫወቻ በተቃራኒው ይቸኩላል፤ ዘፋኙ እንደ ሕፃን ይጮኻል።

መፍትሄው ሞተሩ አናት ላይ ቀበቶው የሚጠመጠምባትን ትንሽ መዘውር በ50 ኸርዝ ልክ በተሠራች መቀየር ነው። ለብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሁለቱም ዓይነት ይሠራ ነበር። ካልተገኘች ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ያወጣታል፤ ቀበቶው የሚያርፍበት የአሮጌዋ ውፍረት በ1.2 ይባዛል። እኛ እንደዚያ አስወጣን። የመጀመሪያዋ ተንጋዳ ነበረች፣ ድምፁ ይዋዥቅ ነበር። ሁለተኛዋ ሠራች። አጎቴ ዘፈኑ ሲጀምር ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው የድምፁን ቁልፍ ከፍ አደረጉት።

ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ከሆነ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ከሚል ሸክላ ማጫወቻ ተጠንቀቁ። ኃይሉን ዲሲ (DC) ከሚያወጣ ትንሽ የግድግዳ አዳፕተር የሚወስድ፣ ወይም ፍጥነቱን ኳርትዝ በሚባል ክሪስታል የሚቆጣጠር ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። ቮልቱን ብቻ አስተካክሉ።

ምልክት፦ ሙዚቃ ሳይጀመር «እምምም» ይላል

መጀመሪያ የድምፁን ቁልፍ ዝቅ ከፍ አድርጉ። እምታው ካልተለወጠ ችግሩ ያለው አምፑ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው፣ ለባለሙያ ስጡት። ከቁልፉ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ግን ከአምፑ በፊት ካለ ዕቃ የመጣ ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ሲነቀል ዝም ያስባለው እሱ ጥፋተኛው ነው።

ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ከኋላው የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ ፈልጉ። አምፑ ጀርባ ላይ ያለችው የመሬት ቡሎን ላይ መታሰር አለባት። ከአሥሩ ዘጠኙ እሷ ናት።

እኛን ግን ለሦስት ሳምንት ያስለፋን ዲሽ ነው። ጓደኛችን ሪሲቨሩን ከአምፑ ጋር አገናኝቶ ነበር። ዲሹ ጣሪያው ላይ ካለው ብረት ጋር ታስሯል፣ አምፑ ደግሞ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። ሁለት የመሬት መንገድ ሲኖር መሀላቸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይዞራል፤ እምታው እሱ ነው። የዲሹን ኬብል ስንነቅለው ወዲያው ጸጥ አለ። መፍትሄው ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፣ እሱ ካልበቃ መሀሉ ላይ የድምፅ መነጠያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። የሶኬቱን የመሬት እግር በፒንሳ ቆርጠው «ጠፋልኝ» የሚሉ አሉ። በፍጹም አታድርጉት። ያቺ እግር የተቀመጠችው ለሙዚቃ ሳይሆን ለነፍሳችሁ ነው። አምፑን ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ከሆነም አጥፉትና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ከኋላው የመሬት ሽቦ የሌለበት ቤት አለ።

ቶሎ ቶሎ የሚፈቱት

ዘፋኙ መሀል አይቆምም፣ ቤዙም ሳስቷል? የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ተገልብጧል። የአንዱን ብቻ አዙሩና ስሙ። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ገመዱን ከአምፑ ነቅላችሁ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት። ፖዘቲቩ ቀዩን ሲነካ ትልቁ ወረቀት ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ሸክላው እንደ ትንኝ ቀጥኖ፣ ከሩቅ ነው የሚሰማው? ለስልክ በተሠራ ቀዳዳ ሰክታችሁታል። የመርፌው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ፎኖ የሚል ቀዳዳ ወይም የፎኖ ማጉያ ይፈልጋል። በፎኖ ማጉያ ሁለት ጊዜ ካለፈ ደግሞ ድምፁ ይቀደዳል፤ ማጫወቻው ጀርባ ላይ የራሱን ማጉያ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ተመልከቱ።

ቁልፉን ስታዞሩ «ክርችች» ካለ አቧራ ነው። ኮንታክት ክሊነር ንፉበትና ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አይሆንም።

አንዱ ጎን ዝም ካለ አምፑን አጥፉና የስፒከር ገመዶቹን አምፑ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ቀያይሩ። ዝምታው ከተዛወረ ጥፋቱ ከአምፑ ነው ወይም ከሱ በፊት ነው። እዚያው ከቀረ ስፒከሩን ወይም ገመዱን እዩ።

ካሴቱ ከታፈነ ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጥረጉት። አሁንም ከታፈነ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ አዙሯት። የጸናጽሉ ድምፅ ሲጠራ ተዋት።

ስፒከሩ ተቀደደ የሚያስብል መንቀጥቀጥ ከሰማችሁ መጀመሪያ ቡፌውን ክፈቱ። የኛው የሠርግ ብርጭቆዎች ነበሩ።

ምልክት፦ በገና ሲጫወት ስፒከሩ «ዝዝዝ» ይላል

ይህን ያመጣው ከአራታችን ትንሹ ነው። በጾም በገና ሲያዳምጥ ወፍራሙ ድምፅ ይንዛዛበታል። ዎፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ተቀዷል ብሎ ደመደመ። ገመድ ቀየረ፣ ስፒከሩን ፈታ፣ ሙጫ ቀባ። ዝዝታው አለ። ሊሸጠው ሲል ወደኔ አመጣው።

እኔም በጆሮ ማዳመጫ አሰማሁት። ዝዝታው እዚያም አለ። ዋሽንት አስከተልኩ፤ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ። የበገና አሥሩ ክሮች ታች ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከሥራቸው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ። ክሩ ሲመታ ቆዳው ላይ ይርገፈገፋል፣ ድምፁም ያንን ዝዝታ ይይዛል። በገና ደርዳሪው እንዚራውን እያንሸራተተ የሚያስተካክለው ሆን ብሎ ነው።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሙጫውን በምን ላስለቅቀው?» አለኝ።