የማንጎ አይስክሬም ድንጋይ እንዳይሆንባችሁ

ባሕር ዳር ማንጎ ሲረክስ ቤት ውስጥ አይስክሬም ሠርታችሁ፣ አድሮ ማንኪያ የማያስገባ በረዶ ከሆነባችሁ ጥፋቱ የውሃው ነው። ማንጎ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ የተፈጨውን ማንጎ ክሬሙ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ከስኳር ጋር ቀስ ባለ እሳት አማስሉት፤ በግማሽ ቀንሶ እንደ ማርማላታ እስኪወፍር። ቶሎ ያርራል፣ ስልካችሁን አስቀምጡ! ውሃው ሲተን በረዶ የሚሆነው ነገር ይቀንሳል፤ ስኳሩም የቀረው ውሃ ድርቅ ብሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ግን ከክሬሙ ጋር አትቀላቅሉት።

ፓፓያ ከሆነ ጥሬውን ከወተት ጋር አታሳድሩት። በውስጡ ያለው ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብርና ይመርራል። እሱንም መጀመሪያ ማፍላት ነው።