በቡና የሚለመድ ስፌት

ደሙ እየሄደ የደም ሥር መስፋት የሚለመደው ታማሚ ላይ አይደለም። እኔ የለመድሁት እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ካለ ሥጋ ቤት አንድ ስንዝር የሚሆን የበሬ አንገት ደም ቅዳ ለምኑ። (የእኔ ሥጋ ሻጭ እስካሁን ለድመት የምወስደው ይመስለዋል።) ቅርንጫፎቹን በክር ቋጥሩ። አንዱን ጫፍ በወፍራም ቱቦ ከግሉኮስ ከረጢት ጋር አገናኙና ከረጢቱን በደንብ በተጠለለ ቀዝቃዛ ቡና ሙሉት፤ አተላ ከገባ ቱቦው ይደፈናል። ከደም ሥሩ 136 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስትሰቅሉት ግፊቱ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። የታችኛውን ጫፍ ግን አጥብቡት፤ ወለል ብሎ ከተከፈተ ግፊቱ ይወድቃል።

አሁን ሳቲንስኪ በሚባለው ቆልማማ መቆንጠጫ የሥሩን ጎን ያዙ። ለልምምድ ብቻ የተለየ አሮጌ ይሁን፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይመለስም። ሁላችንም ስለ ስፌቱ እንሰጋለን፤ እኔን ያዋረደኝ ግን መቆንጠጫው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከዳር ብቻ ቆንጥጬ ስቀድ አመለጠኝና ቡናው እናቴ ነጠላ ላይ ተረጨ። በማግስቱ እልህ ይዞኝ ሥሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ስለዚህ ዓይናችሁን ከታችኛው ጫፍ አትንቀሉ። ቡናው መውረዱን ከቀጠለ መልካም፤ ወደ ጠብታ ከተለወጠ ፈታችሁ እንደገና ያዙ።

የተቆነጠጠውን ጎን በቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቅደዱ። ሌላ ቀጭን ሥር ሰያፍ ቆርጣችሁ፣ የሩቁን ጫፍ አስራችሁ፣ 6-0 በሚባለው ቀጭን የፖሊፕሮፒሊን ክር ከተረከዙ፣ ማለትም ከሰያፉ ቁርጥ የኋላ ማዕዘን ጀምራችሁ ቅዳዱ ላይ ስፉት። በዋናው ደም ቅዳ ላይ መርፌው ከውስጥ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከውጭ ከወጋችሁ የውስጡ ስስ ሽፋን ሊላቀቅ ይችላል፤ በሰው ላይ ደሙ ከሽፋኑ በታች ገብቶ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ከማጥበቃችሁ በፊት መቆንጠጫውን ለቅጽበት አላሉት፣ አየሩ ይውጣ።

ለአንጎል ደም ሥሮች ይህ አይሆንም። ለእነርሱ ኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት ውስጥ ቱሌከን የተባሉ ሐኪም ሌላ ዘዴ አበጁ፦ ተቀጣዩ (አዲስ የሚሰፋው) ሥር ከፕላቲነም ቀለበት ጋር ባልተከፈተው ሥር ጎን ይሰፋል፤ ከዚያ በተቀጣዩ ውስጥ የገባ ሌዘር ግድግዳውን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል።

ቡና እንደ ደም አይረጋምና ስፌታችሁ ትንሽ ቢያንጠባጥብ አትደንግጡ። በ5 ደቂቃ ግማሽ ሲኒ ካልሞላ እኔ አሳልፋለሁ፤ እናቴ ግን አንዲት ጠብታም አትምርም።