በሃዋይ ዕረፍት ላይ ሳሉ ኡኩሌሌ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚገዛ

በሆኖሉሉ ከተማ፣ ዋይኪኪ ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ በካላካዋ ጎዳና ላይ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ሩቅ ሳይጓዝ ኡኩሌሌ የሚባለውን ጊታር መሳይ ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ያያል። ከፀሐይ መነጽር፣ ከነጠላ ጫማና ከአበባ ሸሚዝ ጋር ተሰቅሎ፣ የዘንባባ ሥዕል ተስሎበት፣ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንዲህ ካለ ሱቅ ነበር። ሆቴል ገብቼ ልቃኘው ስሞክር አንዱን ክር ሳጠብቅ ሌላው ይላላል፤ የላላውን ሳስተካክል የመጀመሪያው መልሶ ይወርዳል። ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ለዚያስ አይከፋም። ጥፋቱ የባለሱቁ ሳይሆን፣ መታሰቢያ ዕቃ ገዝቼ የሙዚቃ መሣሪያ የገዛሁ የመሰለኝ የእኔ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት መደብሩ ውስጥ ቆመው እንዲለዩ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙና ስለ ትውልዱ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ሻጮቹም ደስ እያላቸው የሚያወሩት ጉዳይ ነው። ነሐሴ 1879 እ.ኤ.አ. ራቨንስክራግ የተባለችው መርከብ ከፖርቱጋል ግዛት ከማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የመጡ ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን፣ በድምሩ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን ይዛ ሆኖሉሉ ደረሰች። ከእነርሱም መካከል ማኑዌል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ ሦስት የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማሼቴ የሚባለውን ትንሽ ባለ አራት ክር የአገራቸውን መሣሪያ መነሻ አድርገው በደሴቶቹ እንጨት መሥራት ጀመሩ፤ ዋናው ጎዳና በስሙ የተጠራለት ንጉሥ ካላካዋም መሣሪያውን ወደ ቤተ መንግሥቱ ግብዣ አስገብቶ አስከበረው። ስሙ ብዙ ጊዜ «የሚዘል ቁንጫ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ግን «ወደዚህ የመጣ ስጦታ» የሚለውን ትርጉም ትመርጥ ነበር። አሜሪካኖች «ዩኩሌሌ» ይሉታል፤ የአገሩ ሰው ግን «ኡኩሌሌ» ነው የሚለው፤ መደብር ገብተው እንደ አገሩ ሰው ቢጠሩት ሻጩ ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያው ሥራ መጠን መምረጥ ሲሆን ይህም ከጉዞው በፊት ቤት ሊያልቅ የሚችል ነው። አራት መጠኖች አሉ። ሶፕራኖ የሚባለው ትንሹ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ጥንታዊው ቅርፅና ሹል የሆነው ድምፅ የእርሱ ነው። ኮንሰርት 58፣ ቴነር ደግሞ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ባሪቶን 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እንደ ጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ስለሚቃኝ፣ የኡኩሌሌን የታወቀ ድምፅ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ቢያልፈው ይሻላል። ለልጅ ወይም ለሻንጣ ከሆነ ሶፕራኖ ይበቃል። ጣታቸው ወፈር ላለ ሰዎችና ከዚህ በፊት ጊታር ለሞከሩ ሰዎች ግን በፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱን አቋርጠው በተተከሉት ቀጫጭን ዘንጎች፣ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ኮንሰርት ወይም ቴነር እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ሶፕራኖ ላይ ጣት በጣት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው «እኔ አልችልም» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ችግሩ ግን የመጠን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መሣሪያው የት እንደተሠራ መለየት ነው። ሃዋይ ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ ሃዋይ ውስጥ የተሠራ አይደለም፤ ርካሹ አብዛኛው ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም ይመጣል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በሃዋይ ዋጋ ሲሸጥ ነው። በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ወደ ታች ሲመለከቱ የሚታየውን ወረቀት ያንብቡ። በግዛቲቱ ሕግ «በሃዋይ የተሠራ» ተብሎ ለመሸጥ ዕቃው ቢያንስ 51 በመቶ የጅምላ ዋጋውን ያገኘው እዚያው በተሠራ ሥራ መሆን አለበት። «በሃዋይ የተነደፈ» ወይም «የሃዋይ መንፈስ ያለበት» የሚሉ ቃላት ግን ስለ ፋብሪካው አድራሻ ምንም አይናገሩም። የታወቁት የሃዋይ ሠሪዎችም ቢሆኑ ዋጋው ዝቅ ያለውን ዓይነት ውጭ አገር ያሠራሉ፤ ለምሳሌ ኮአሎሃ ኦፒዮ በሚለው ስም የሚሸጠው ታይላንድ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ካኒሌአም አይላንደር የሚል ስም ያለው ውጭ አገር የሚሠራ ምርት አለው። ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ የሚከፍሉት ለየትኛው እንደሆነ ግን አውቀው ይክፈሉ።

ከሠሪዎቹ አንጋፋው ካማካ ነው። ሳሙኤል ካማካ ከማኑዌል ኑኔስ ሙያውን ተምሮ በ1916 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ የቤተሰብ ድርጅት ዛሬም በሆኖሉሉ፣ ካካአኮ በሚባለው ሰፈር ይሠራል። የአናናስ ቅርፅ ያለው ኡኩሌሌ የእርሱ ፈጠራ ሲሆን በ1920ዎቹ የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ፋብሪካው ጎብኚዎችን የማስተናገድ ልማድ ስላለው ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ጠይቀው ቢሄዱ፣ ጎኖቹ በሙቀት ሲታጠፉና ሳጥኑ ሲጣበቅ ማየት ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከማንኛውም ሻጭ በተሻለ ያስረዳዎታል።

ያን ጊዜ ደጋግመው የሚሰሙት ቃል «ኮዋ» ነው። ኮዋ በሃዋይ ደሴቶች ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ከማር እስከ ቡና የሚደርስ ቀለም አለው፤ ብርሃን ሲያርፍበትም እንደ ሐር ይንቀጠቀጣል። ሙሉ በሙሉ ከኮዋ የተሠራ፣ ሃዋይ ውስጥ የተመረተ ኡኩሌሌ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በታች ባለ ዋጋ «ኮዋ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በተለምዶ ኮምፔርሳቶ በምንለው እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ የኮዋ ልጣጭ ነው። ለመለየት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልክ መብራት ይመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ጠርዙ ታጥፎ ሳይቋረጥ ከወረደ አንድ ወጥ ጣውላ ነው፤ እንደ ተደራረበ ቅጠል ሁለትና ሦስት ንብርብር ከታየ ልጣጭ ነው። ልጣጩን ግን አይናቁት፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ለአንዳንድ ገዢ ይበልጥ የሚስማማው እርሱ ነው።

የት እና መቼ እንደሚገዛ አጭር ምክር ይበቃል። ከመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ይልቅ ኡኩሌሌ ብቻ ወይም የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ወደሚሸጥ መደብር ይሂዱ፤ ምልክቱ ሻጩ መሣሪያውን ከግድግዳ አውርዶ፣ ቃኝቶ፣ ወንበር ሰጥቶ «ይሞክሩት» ማለቱ ነው። ከዕረፍቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይግዙ እንጂ ለመሳፈሪያው ዕለት አይተዉት። አዲስ ክር እስኪለጠጥ ድረስ ለቀናት ከቅኝቱ ይወርዳል፤ እውነተኛ ጉድለት ካለበትም በእነዚያ ቀናት ይታያል፣ መደብሩም ገና ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ምርመራው እንግባ። መሣሪያውን ራሱን ወደ ዓይንዎ አቅርበው፣ አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ አንድ ዓይን ጨፍነው በአንገቱ ርዝመት ይመልከቱ፤ የተጣመመ ወይም የተጠመዘዘ ከሆነ እዚያው ይመልሱት። ቀጥሎ አውራ ጣትዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ያንሸራቱ፤ የፍሬቶቹ ጫፍ የሚቧጭር ከሆነ አጨራረሱ ደካማ ነው፣ ወይም እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል። ከዚያ ክሮቹ የታሰሩበትን የታችኛውን ብሪጅ ይፈትሹ፤ የክፍያ ደረሰኝ የሚያህል ስስ ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት ይሞክሩ፤ ወረቀቱ ከገባ ሙጫው መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ሆዱን በጣት ጫፍ ቀስ አድርገው እየኳኰኩ ያዳምጡ፤ የሚንቀጫቀጭ ነገር ከተሰማ ውስጡ ያለ ማጠናከሪያ ተላቋል።

የመቃኛ ቁልፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ወደ ጎን የወጡት ጥርስ ያላቸው ሲሆኑ በቀላሉ ይቃኛሉ፤ ወደ ኋላ የወጡት አብዛኛውን ጊዜ በሰበቃ ብቻ የሚይዙ ናቸው። ጥሩ የሰበቃ ቁልፍ መልካም ነው፣ ርካሽ የሰበቃ ቁልፍ ግን እኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ነው።

ድምፁን ሲፈትሹ እያንዳንዱን ክር ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አንድ በአንድ ይምቱ፤ እንደ ዝንብ ጥዝ የሚል ወይም የሚደናቀፍ ቦታ ካለ ለሻጩ ያሳዩት። ቀጥሎ በስልክዎ ላይ የመቃኛ መተግበሪያ ከፍተው ክሩን ሳይጫኑ ይምቱ፣ ከዚያም አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱ፤ ሁለቱም ያው ድምፅ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። መርፌው በግልጽ ወደ አንድ ወገን ከሄደ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢቃኝ ከላይ ሲወጣ ይስታል፤ ይህ ዋጋ በመቀነስ የሚካካስ ጉድለት አይደለም።

ክራር ጆሮው ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀልል ፈተና አለ። የኡኩሌሌ አራት ክሮች፣ ሲይዙት ወደ ፊትዎ ከሚቀርበው ከአራተኛው ጀምሮ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ፤ አራቱም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፣ የጎደለው ሬ ብቻ ነው። እርሱም ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሦስተኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ ሁለተኛ ፍሬቱን፣ ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ ሦስተኛ ፍሬቱን፣ የመጀመሪያውን ክር ባዶውን፣ በመጨረሻም ሦስተኛ ፍሬቱን ቢመቱ ከዶ እስከ ዶ ትዝታን ወጥተዋል። የሚያውቁትን ዜማ በዚህ ላይ ይሞክሩ፤ ጆሮዎ ለማያውቀው የሃዋይ ዘፈን ይቅር የሚለውን ስሕተት ለትዝታ አይምርም። አራተኛው ክር ከሦስተኛው ከፍ ብሎ ሲሰማ አይደንግጡ፤ ጥንታዊው ቅኝት እንዲያ ነው። ዜማ ለመጫወት የሚፈልግ ግን ሻጩን «ዝቅተኛ ሶል» የሚባለውን ወፍራም ክር እንዲያስገባለት ቢጠይቅ፣ በተለይ በቴነር ላይ፣ ወደ ታች ተጨማሪ ድምፆች ያገኛል።

ዋጋው ላይ እንደ መርካቶ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ በሙዚቃ መደብሮች ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ነው። ምርቃት መጠየቅ ግን ነውር የለውም፤ ትርፍ ክር፣ የጨርቅ ከረጢት፣ አናቱ ላይ የሚቆነጠጥ መቃኛ ወይም የክር ከፍታ ማስተካከያ ሥራ በነጻ እንዲጨመርልዎት በትሕትና ይጠይቁ። በተለጠፈው ዋጋ ላይ የግዛቲቱ ግብር እንደሚታከልም አይርሱ፤ በኦዋሁ ደሴት ደረሰኙ ላይ 4.712 በመቶ ሆኖ ይታያል። በ1000 ዶላር ላይ 47 ዶላር ማለት ስለሆነ ጥሩ መያዣ ሳጥን ሊገዛ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ደረሰኙን ለዋስትናም ለጉምሩክም ስለሚያስፈልግ ያስቀምጡ።

ከገዙ በኋላ መሣሪያውን በተከራዩት መኪና ውስጥ ትተው ወደ ባሕር አይሂዱ። በፀሐይ የጋለ መኪና ሙጫ ያላላል፤ በባሕር ዳርና በተራራ መንገድ መነሻዎች የቆመ የእንግዳ መኪና መስበርም በደሴቶቹ የታወቀ ችግር ነው።

በአውሮፕላን ሲጓዙ ኡኩሌሌውን ከሻንጣ ጋር አያስጭኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የአገሪቱ አየር መንገዶች ከላይ ባለው መደርደሪያ የሚገባ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያን፣ ሲሳፈሩ ቦታ እስካለ ድረስ፣ እንደ እጅ ዕቃ መቀበል አለባቸው። «ቦታ እስካለ ድረስ» የሚለው ሐረግ ዋና ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ይግቡ። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሌላ አየር መንገድ የሚቀጥሉ ከሆነ የእርሱን ደንብ ለብቻው ይጠይቁ።

የመጨረሻው ሥራ ቤት ከደረሱ በኋላ የሚጀምር ሲሆን ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ኮዋው ያደገውም የተሠራውም በእርጥብ አየር ውስጥ ነው፤ አንድ ወጥ ጣውላ የሆነ መሣሪያ ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ በጋ፣ የዴንቨርና የላስ ቬጋስ ደረቅ አየር፣ የዋሽንግተን ክረምት የቤት ማሞቂያ ይህን እርጥበት ከእንጨቱ ይመጥጣሉ፤ እንጨቱም ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ሆዱ ላይ ስንጥቅ ይወጣል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖርና መሣሪያውን በየጊዜው የመንከባከብ ልማድ የሌለው ሰው ድርቀትን የሚችለውን ባለ ልጣጩን ቢገዛ ጥበብ ነው። አንድ ወጥ ጣውላውን የገዛ ደግሞ ክዳን ያለው የፕላስቲክ የሳሙና መያዣ ወስዶ በትኩስ ሚስማር ይብሳው፣ ውሃ ነክሮ እስኪበቃው የጨመቀውን ስፖንጅ ውስጡ ያስቀምጥ፣ ከመሣሪያው ጋር በሳጥኑ ውስጥ ይዝጋው። ስፖንጁን በየጥቂት ቀኑ ይዳስስ፤ ከደረቀ ያርጥበው፣ ከተንጠባጠበ ግን እንደገና ይጭመቀው።