ኦሪጅናል ሸክላና ድጋሚ ኅትመት፦ በትክክል ለማወዳደር

አጎቴ ያወረሰኝ ሸክላዎች አሥራ አንድ ናቸው። አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል የተገዙ ናቸው። ከሁሉም የምሳሳላት አምሃ ሪከርድስ ያሳተማት በደቂቃ 45 የምትዞር ትንሽ ሸክላ ናት። በሙላቱ አስታጥቄ የተሠራች፣ ዘፋኝ የሌለባት ጃዝ ናት። ያው ሙዚቃ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ‹ኢትዮፒክስ› በተባለ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ላይ አለ። እሱ በሲዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሰው ቤቴ ሲመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ የትኛው ይሻላል? በጆሮ ለመፍረድ ቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ አለ።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። ካቨሩ ላይ ባርኮድ ካለ እ.ኤ.አ. በስልሳዎቹና በሰባዎቹ መጀመሪያ የወጣ ኦሪጅናል አይደለም። ቀጥሎ ሙዚቃው ካለቀበት እስከ መሃሉ ወረቀት ያለውን ለስላሳ ቀለበት ወደ ብርሃን አዘንብሉና እዩት። በእጅ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሁለት ሸክላዎች አንድ ዓይነት ካቨር ኖሯቸው ቁጥራቸው ከተለያየ፣ ከተለያየ የማተሚያ ቅርጽ የወጡ ናቸው ማለት ነው። «180 ግራም» የሚለው ጽሑፍ ግን አያማላችሁ። ክብደት ብቻውን ድምፅ አያሻሽልም።

ከዚያ እጠቡ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ጥሩ ነው (አሲዱን አላልኩም!)። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትላችሁ ጥረጉ፣ ወረቀቱን አታርጥቡ። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንላለን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። በደቂቃ 78 የሚዞረው የድሮውና ተሰባሪው አልኮል ከነካው ይበላሻል። 45 እና 33 የሚዞሩት በአብዛኛው ቪኒል ናቸው።

መርፌው ካረጀ ቀይሩት። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል። ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ ኦሪጅናል ሸክላ ባይቀመጥ እመርጣለሁ፤ ክንዳቸው ከባድ ነው።

አሁን ዋናው፣ የማጫወቻው ፍጥነት። እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ማጫወቻዬን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከልኝ። በ120 ቮልት ስለሚሠራ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፣ ሠራ። ትንሿን ሸክላ ከሲዲው ጋር ሳወዳድር የኔዋ ወፈር፣ ረጋ ያለች ሆና አገኘኋት። ሳክስፎኑ ከሆድ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ ፈረንሳዮቹ ሙዚቃውን አፍጥነውታል ብዬ ደመደምኩ። ለጓደኞቼም እንደዚያው አስረዳሁ። አንዱማ በኔ ቃል ተማምኖ ሲዲውን ለሰው ሰጠ። ከወራት በኋላ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጄ መጣ። ከሸክላዋ ጋር አብሮ ሊጫወት ቢሞክር ድምፁ በሁለት ቁልፎች መሃል ወደቀበት። ከሲዲው ጋር ግን ወዲያው ገጠመ። ከሲዲው ሲለካ ሸክላዋ ከሦስት ቁልፍ በላይ ወርዳ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ኸርዝ ነው። ስለዚህ 45 መዞር የነበረባት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ትዞር ነበር። ወፈር ያለ፣ የረጋ ያልኩት ድምፅ የተጎተተ ድምፅ ነበር። ሲዲውን የሰጠውን ልጅ ይቅርታ ጠይቄ የራሴን ሰጠሁት።

እናንተ እንዲህ ለኩ። ባለ 33 (በትክክል 33 ከአንድ ሦስተኛ) ሸክላ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት አጣብቁ፣ ሰዓት ያዙና ዙሩን ቁጠሩ። በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር መሆን አለበት። 83 አካባቢ ከቆመ የኔው ችግር ነው። የስልክ አፕም አለ፤ እኔ ግን ስልክ ተሸክሞ የሚዞር ደካማ ሞተር አላምንም። ማጫወቻ ልትገዙ ከሆነ ጀርባው ላይ «50/60 ኸርዝ» የሚለውን ፈልጉ። በዲሲ ሞተር የሚሠራም ይህ ችግር የለበትም። የኔ በቀበቶ የሚዞር ስለነበር ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ ነቅዬ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። የ33ቱም የ45ቱም እርከን ውፍረት በአንድ አምስተኛ ጨምሮ ተቀረጸልኝ። በካሊፐር ተለክቶ ካልተሠራ ግን ድምፁ ይዋዥቃል።

ፍጥነቱ ከተስተካከለ ማወዳደሩ ቀላል ነው። የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አንድ ሰው ሳይነግራችሁ እየቀያየረ ያጫውትላችሁ። ሙዚቃውን በሙሉ አትስሙ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። የቫይብራፎኑ (በዱላ የሚመታው ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ) ድምፅ ከተመታ በኋላ እንዴት እንደሚከስም ስሙ። ቤዙ ኖታው ይለያል ወይስ ጉምጉምታ ብቻ ነው? ወደ ሸክላው መጨረሻ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፅ ይሻክራል? ድጋሚ ኅትመቱ አዲስ ሆኖ ሳለ የአቧራ ቋ ቋ ከሰማችሁ፣ ከማስተር ቴፕ (ከዋናው የስቱዲዮ ቅጂ) ሳይሆን ከሌላ ሸክላ ተቀድቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናሉ ንጹሕ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ከበሮው ፊት ለፊት ይቆማል። መስመሩ የተበላ ኦሪጅናል ግን ለመታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የኃይሉ መርጊያንና የዋልያስ ባንድን ‹ቼ በለው› እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ድጋሚ ኅትመቱ መስማት ለኔ ምንም ነውር የለበትም።

ሸክላውን አቁማችሁ አስቀምጡ፣ እንደ ሰሃን አትደራርቡት። በአዳማ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ምሳ ሰዓት እንኳ አትተዉት፣ ይጣመማል። ያገኛችሁትን ውጤት፣ ከቀለበቱ ቁጥር ጋር፣ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ካቨሩ ውስጥ ክተቱ። የኔዋ 45 ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ፍርዴ ተሰርዞ ከሥሩ ትክክለኛው ፍጥነት ተጽፏል።