የነዳጅ ፍጆታን ሲያሰሉ ጋሎኑ የየት አገር እንደሆነ ይለዩ

አንድ መኪና በሊትር 12.5 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ 100ን ለ12.5 ያካፍሉ፤ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። ወደ ኋላ ለመመለስም ያው 100ን ለ8 ማካፈል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማይል በጋሎን ላይ ነው። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዝ ደግሞ 4.546 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ወደ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ለመቀየር ለአሜሪካው 235.2ን፣ ለእንግሊዙ 282.5ን በጋሎን ለሚሄደው ማይል ያካፍሉ። ያው በጋሎን 30 ማይል በአሜሪካው 7.84፣ በእንግሊዙ 9.42 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም!

አማካይ ሲያወጡ አስቀድመው ወደ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ። የመንገዱ ግማሽ በሊትር 10፣ ግማሹ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ አማካዩ 15 ሳይሆን 13.3 ነው፤ ምክንያቱም 10 እና 5 ሊትር ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 7.5 ሊትር ይሆናሉ።