ክሮሞሶሙ የተዟዟረ አይጥ ሜዮሲስ (ስፐርምና እንቁላል የሚሰራበት የሴል ክፍፍል) ላይ እንዴት እንደሚጣመር በክር ሰርቶ ማየት

ጅማ ጄኔቲክስ የምትማሩ ልጆች ትራይቫለንትና ኳድሪቫለንትን (ሜዮሲስ ላይ አንድ ላይ የሚጣመሩ ሶስት ወይም አራት ክሮሞሶሞች) አትሸምድዱት ፈተና ላይ ይምታታባችኋል፣ ሂርማታ ገበያ ውረዱና ቀይና ሰማያዊ የሹራብ ክር ገዝታችሁ ኑ፣ የፍሎረሰንት ማይክሮስኮፑ ተራ እስኪደርሳችሁ በሱ ይገባችኋል።

የላብራቶሪ አይጥ 40 ክሮሞሶም አላት፣ ሴንትሮሜሩ (ሴሉ ሲከፈል ክሮሞሶሙ የሚጎተትበት ቦታ) ሁሉም ላይ ጫፍ ጋ ነው፣ ስለዚ ክሩን አንድ ጫፉ ላይ ቋጥሩት፣ ቋጠሮው ሴንትሮሜር ነው በቃ። ኖርማል ወንድ ፓኪቲን (ክሮሞሶሞቹ ተጣምረው የጨረሱበት የሜዮሲስ ደረጃ) ላይ 19 ጥንድና ኤክስ-ዋይ፣ ማለት 20 ነገር ይቆጠርለታል።

ሮበርትሶኒያን (ሁለት የተለያዩ ክሮሞሶሞች ሴንትሮሜራቸው ጋ ሲዋሃዱ) ከሆነ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ክር በቋጠሯቸው በኩል አገናኙና ጎኑ ያልተገናኙትን ቀይና ሰማያዊ አስተኙ፣ ቀይ ከቀይ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ሶስቱ አንድ ላይ ሆኑ፣ ቋጠሮው ሁሉ መሃል ተሰበሰበ፣ ትራይቫለንት ይሄ ነው። ይሄ የሚመጣው ግን ፊውዥኑ (ውህደቱ) ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ነው፣ ከሁለቱም ከመጣማ እንደማንኛውም ጥንድ ተጣምሮ ያልፋል።

ሬሲፕሮካል ትራንስሎኬሽን (ሁለት የተለያዩ ክሮሞሶሞች ጫፍ ሲለዋወጡ) አራት ክር ይፈልጋል፦ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ ቀይ፣ ጫፉ ቀይ የሆነ ሰማያዊ (የምትለዋውጡት ቋጠሮ የሌለበትን ጫፍ ነው)። ቀለምን ከቀለም አስተኛለሁ ስትሉ ሳትወዱ በግድ መስቀል ይወጣላችኋል፣ ቋጠሮዎቹ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ሌሎቹ ሁለት ክንዶች ባዶ፣ ኳድሪቫለንት ይሄ ነው።

ቋጠሮው ላይ ሙጭጭ ያልኩት ወድጄ አይደለም፣ ትራይቫለንቱም መስቀሉም ላይ ብትቆጥሩ 19 ነው የሚመጣው! 17 ባይቫለንት (ተራ ጥንድ)፣ አንድ የተያያዘ፣ ኤክስ-ዋይ። ስለዚ እውነተኛው ስላይድ ላይ ኤስዋይሲፒ3 (የክሮሞሶሙ ዘንግ ላይ ያለ ፕሮቲን) መስመሩን ካሳያችሁ በኋላ የሴንትሮሜር አንቲቦዲ (ሴንትሮሜሩን ለይቶ የሚያሳይ) ካልጨመራችሁ በተለይ መስቀሉ አንድ ክንዱ አጭር ከሆነ ትሸወዳላችሁ።

ሌላ ነገር፣ ዛይጎቲን (ከፓኪቲን በፊት ያለው ደረጃ) ላይ ያለ ሴል አይታችሁ "አልተጣመረም" እንዳትሉ፣ ገና እየተጣመረ ነውኮ! መጀመሪያ ኤክስና ዋይ ጫፋቸው ብቻ ተያይዞ ዳር መውጣታቸውን፣ ሌሎቹ ክሮሞሶሞች ደሞ ወፍራም አንድ መስመር መሆናቸውን አረጋግጡ። ከተወለደ 14 ቀን አካባቢ የሆነው ወንድ ግልገል ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፓኪቲን ሴሎች ያኔ ይገኙበታል፣ ስፐርም ገና ስለሌለም ስላይዱ አይጨናነቅም።

ከዛ ጋማ-ኤችቱኤኤክስ (ሳይጣመር የቀረ ክሮሞሶም ላይ የሚታይ ምልክት) እዩ። ፓኪቲን ላይ ኤክስ-ዋይን ሸፍኖ መገኘቱ ኖርማል ነው፣ ትራይቫለንቱ መሃል ላይ ሴንትሮሜሩ ጋ ደሞ ከታየ ግን እዛ ጋ ሳይጣመር የቀረ ቁራጭ አለ ማለት ነው፣ እዛ ያሉ ጂኖች ይዘጋሉ፣ እንዲህ አይነት ሴል ሲበዛ ወንዱ ስፐርሙ ያንሳል።