ፎቶሾፕን በቨርችዋል ማሽን ለምትጠቀሙ

እንደ ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ያሉትን በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸውን የአዶቢ ፕሮግራሞች በቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ስትጭኑ፣ ማሽኑ የሚቆጠረው ራሱን እንደቻለ ሌላ ኮምፒውተር መሆኑን ልብ በሉ። የግል ደንበኛ ወደ አካውንቱ ገብቶ መቆየት የሚችለው በ2 ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ላፕቶፓችሁና በውስጡ ያለው ቨርችዋል ማሽን ቁጥሩን ይሞሉታል፤ የቢሮው ዴስክቶፕ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከመሰረዛችሁ ወይም ወደ ቀድሞ ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ ወደያዘው ቅጂ) ከመመለሳችሁ በፊት፣ ፎቶሾፕን ከፍታችሁ በ«ሄልፕ» ሜኑ ሥር ባለው «ሳይን አውት» ከአካውንታችሁ ውጡ። እኔ ስናፕሾት የማነሣው ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ከአካውንቱ ግን ወጥቼ ሳለ ነው። ረስታችሁ ከሰረዛችሁትም በአዶቢ ድረ ገጽ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ የጠፋውን ማሽን ከዝርዝሩ ማስወጣት ትችላላችሁ።

ቨርችዋል ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱን ሙሉ አቅም ስለማያገኝ፣ ሥዕሉ ቢቆራረጥ ወይም ሸራው ጥቁር ቢሆን በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ከፍታችሁ ከግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ምርጫ ላይ ምልክቱን አጥፉ። ፎቶ ለማስተካከል ይህ ይበቃል፤ በፕሪሚየር ቪዲዮ ማቀናበር ግን፣ በእኔ ግምት፣ በዋናው ኮምፒውተር ላይ ቢሠራ ይሻላል።